የጂም ሌረር የጋዜጠኝነት ዘመን ከማኅደር ሲታይ፦ የአሜሪካ የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ማኅደር አገልግሎት ግምገማ

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ብርዱ ሲበረታ ሰው ከሥራ መልስ ከቤቱ አይወጣምና፣ ባለፉት የብርድ ወራት አብዛኞቹን ምሽቶቼን ያሳለፍኩት አንድ ሳንቲም በማይጠይቅ፣ ማስታወቂያ በማያሳይ፣ ስምና ኢሜይል አስገቡ ብሎ በማይጨቀጭቅ አገልግሎት ፊት ተቀምጬ ነው። አገልግሎቱ የአሜሪካ የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ማኅደር ይባላል። በቦስተን የሚገኘው ጂ.ቢ.ኤች የተባለው፣ ለትርፍ የማይሠራ የሕዝብ ጣቢያና የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ2013 ወዲህ በጋራ ያስተዳድሩታል፤ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየግዛቱ ያሉ የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የቀረጿቸውን ፕሮግራሞች እየሰበሰበ፣ ከአሮጌ ቴፕ ወደ ዲጂታል እያዛወረ፣ ከፊሎቹን በኢንተርኔት ለሕዝብ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

ወደ ማኅደሩ የገባሁት ለአንድ ሰው ስል ነው፤ የአንድን የሕዝብ ብሮድካስት ጋዜጠኛ የሥራ ዘመን ከመነሻው እስከ መድረሻው በራሴ ዓይን ማየት ፈልጌ ነበር። ሰውየው ጂም ሌረር ናቸው። ወደዚህ አገር እንደመጣሁ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን ኬብል አልነበረውም፤ በመስኮቱ ላይ በተንጠለጠለው አንቴና ከሚገቡት ጥቂት ጣቢያዎች መካከል ንግግሩ ሳይሮጥ ጆሮዬ ውስጥ የሚገባልኝ ሌረር የሚመሩት የምሽት ዜና ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ የሚዘጋጀው አርሊንግተን፣ ሽርሊንግተን በሚባለው ሰፈር መሆኑን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በኮሎምቢያ ፓይክ ግራና ቀኝ ካሉት የአገራችን ሰዎች ሱቆችና ምግብ ቤቶች ተነስቶ በመኪና የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። እንጀራ ልገዛ በወጣሁ ቁጥር በአጠገቡ ሳልፍ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በወጣትነቴ አገር ቤት በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ለጥቂት ጊዜ ሠርቼ ነበር። ስሙን መጥቀስ አስፈላጊ አይደለም። ሪል ቴፕ እጥረት ስለነበር፣ አንድ ፕሮግራም ከተላለፈ በኋላ ቴፑ ይታጠብና ሌላ ይቀዳበታል፤ እኔ ሦስት ቀን ለፍቼ ከአንድ አዛውንት አዝማሪ ጋር ያደረግሁት ቃለ መጠይቅ በሳምንቱ የእግር ኳስ ውጤት ተቀድቶበት አገኘሁት። አለቃዬን ሳማርር «ልጄ፣ የሬዲዮ ሥራ እንደ እስትንፋስ ነው፤ ወጣ፣ አለቀ» አሉኝ። ስለዚህ የአንድ ጋዜጠኛ የሠላሳ ዓመት ምሽቶች ተሰብስበው የተቀመጡበት ቦታ አለ ሲባል በቅናትም ጭምር ነው የገባሁት።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የማኅደሩን ገጽ የከፈተ ሰው በፍለጋ ሳጥኑ ስም ወይም ርዕስ ይጽፋል፤ የሚመጣለትን ዝርዝር በዓመት፣ በጣቢያ፣ በዝግጅት ዓይነት ማጥበብ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል፦ ዝርዝሩ ውስጥ መዝገቡ ብቻ ያለ ፕሮግራም አለ፣ ምስሉና ድምፁ የሚከፈት ፕሮግራምም አለ፤ ሁለቱን የሚለየው «የኢንተርኔት ንባብ ክፍል» በሚባለው መከማቸቱ ነው። ፍለጋውን በዚያ ላይ ካላጠበቡት በባዶ መዝገቦች መካከል ሲዋኙ ማምሸት አለ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የንግግሩ ጽሑፍ አብሯቸው ተቀምጧል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ከማየት ይልቅ የሚፈልጉትን ቃል በጽሑፉ ውስጥ ፈልጎ ወደ ቦታው መሄድ ይቻላል። ፕሮግራሙ ለማየትና ለመስማት እንጂ ለማውረድ የተዘጋጀ አይደለም። የሌረርን ሥራ ለሚፈልግ ዋናው ክምችት እሳቸው በመሩት የምሽት ዜና ስም የተሰየመው የኒውስ አወር ስብስብ ሲሆን፣ ከ1975 እስከ 2007 ያሉትን የፕሮግራሙን ተከታታይ ትውልዶች ይዟል። ለብቻው የተቀመጠው፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ያስወረደው የፖለቲካ ቅሌት የሚታይበት የዋተርጌት ስብስብ ደግሞ ከዚህ ሁለት ዓመት ይቀድማል።

ከዚያ በፊት ያለውን ሕይወታቸውን እነዚህ ሁለት ስብስቦች አያሳዩም፤ ነገር ግን ሳያውቁት መጀመር ጉድለት ይሆናል። ሌረር የተወለዱት በ1934 ዊቺታ፣ ካንሳስ ሲሆን ቤተሰባቸው ለአጭር ጊዜ አነስተኛ የአውቶቡስ መስመር ነበረው። ቴክሳስ ውስጥ በቪክቶሪያ ከተማ ኮሌጅ ሲማሩ በአውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ይቆርጡና የሚነሱትን አውቶቡሶች በማይክ ይጠሩ ነበር። ከማይክ ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው፤ የአገራችንን የታክሲ ረዳት «መርካቶ፣ መርካቶ» ሲል የሰማ ሰው ይህ ትምህርት ቤት ምን እንደሚያስተምር ይገባዋል። መንገደኛው አንድ ጊዜ ሰምቶ መረዳት አለበት፣ ካልተረዳ አውቶቡሱ ያመልጠዋል። ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በ1956 በጋዜጠኝነት ተመርቀው፣ ሦስት ዓመት በባሕር ወለድ ጦር አገልግለው፣ በ1959 ዳላስ ከተማ በጋዜጣ ዘጋቢነት ተቀጠሩ። ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ሲገቡ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነበሩ። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር፣ ቢሮ ያለው ባልደረባቸው በስልክ የፕሬዚዳንቱ መኪና ግልጽ ክዳኑን እንደለበሰ መሆን አለመሆኑን ጠየቃቸው፤ እሳቸውም አንዱን የጥበቃ ኃላፊ ጠየቁ፤ ኃላፊውም ሰማዩን አይቶ፣ ከተማው ውስጥ መጥራቱን በሬዲዮ አረጋግጦ፣ ክዳኑ ይነሳ አለ። ኬኔዲ በዚያው ቀን በመኪናቸው ላይ ሳሉ በጥይት ተገደሉ። ክዳኑ ጥይት የሚመልስ አልነበረም። ያም ሆኖ፣ ተራ የምትመስል አንዲት ጥያቄ ምን ልታስከትል እንደምትችል የተማረ ሰው ከዚያ በኋላ በጥያቄ ቢቆጥብ አይገርምም።

በ1970 ገደማ ከጋዜጣ ወጥተው በዳላስ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ የምሽት ዜና መምራት ጀመሩ፤ ዘጋቢዎቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የዕለቱን ያመጡትን ይናገራሉ፣ እሳቸው ይጠይቃሉ። በ1972 ወደ ዋሽንግተን መጡ። ጊዜው ለሕዝብ ብሮድካስት መልካም አልነበረም። የሕዝብ ብሮድካስት ሕግ በ1967 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ተፈርሞ ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በበኩላቸው የሕዝብ ቴሌቪዥን በፖለቲካ ጉዳይ መግባቱን አልወደዱትም፤ በጁን 1972 ምክር ቤቱ ያጸደቀውን የበጀት ሕግ አልፈርምም ብለው መልሰውታል። ዓመት ሳይሞላ የዋተርጌት ምርመራ መጣ።

ማኅደሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የፈጀሁት በዚህ ክፍል ነው። የሴኔቱ ኮሚቴ በሜይ 17 ቀን 1973 ምስክሮችን መስማት ሲጀምር፣ ሌረርና ከካናዳ የመጡት ሮበርት ማክኒል ጎን ለጎን ተቀምጠው አስተላለፉት። ትልልቆቹ የንግድ ጣቢያዎችም ቀን ላይ ያስተላልፉ ነበር፤ የሕዝብ ቴሌቪዥኑ ልዩነት ግን የዕለቱን ውሎ በሙሉ፣ አንድ ቃል ሳይቆረጥ፣ ሠራተኛው ሕዝብ ቤቱ ከገባ በኋላ ማታ እንደገና ማሳየቱ ነበር። የመጀመሪያው ምሽት ላይ ለተመልካቹ የተነገረው ነገር የሚያስገርም ነው፦ የማረም፣ የመቁረጥና የመምረጥ ሥልጣናችንን ለጊዜው ትተን፣ ስንት ሰዓት ቢፈጅም ሙሉውን እናሳያችኋለን የሚል ነበር። አርታኢ መቀሱን በፈቃዱ ሲያስቀምጥ በሙያው ውስጥ ብዙ ጊዜ አይታይም። ማኅደሩ ይህን የ51 ቀናት ችሎት በቀን በቀኑ አስቀምጦታል።

ጁላይ 16 ቀን 1973ን ይክፈቱ። አሌክሳንደር ባተርፊልድ የተባሉት የቀድሞ የዋይት ሃውስ ሠራተኛ በፕሬዚዳንቱ ቢሮ የድምፅ መቅጃ መኖሩን ያውቁ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ አዎ፣ አውቃለሁ ብለው በረጋ ድምፅ የሚመልሱት ያኔ ነው። ዛሬ ቢሆን ኖሮ በቀይ ጽሑፍ «ሰበር» ተብሎ፣ ሙዚቃ ታክሎበት፣ አራት ተንታኞች በአንድ ጊዜ ይጮሁበት ነበር። እዚህ ግን ጥያቄና መልሱ ቀጥሎ ይሄዳል፤ አንድ ሰው ወረቀት ያገላብጣል፤ ሌላው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያንን ቅጽበት የሌረር ሙያ መሠረት አድርጌ ነው የማየው፤ ነገሩ ራሱ ከባድ ሲሆን አቅራቢው ክብደት አይጨምርበትም። ከየግዛቱ ብዙ ሺህ ተመልካቾች ደብዳቤ ጽፈው አመሰገኑ፤ ሁለቱ ሰዎችም የኤሚ ሽልማት አገኙበት፤ በጀቱን ሊያሳጡት ተነስተው የነበሩት ፕሬዚዳንት ሳያስቡት ለሕዝብ ቴሌቪዥን ትልቁን ሥራ ሰጡት።

በኦክቶበር 1975 የሮበርት ማክኒል የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም በኒውዮርክ ተጀመረ፤ ሌረር የዋሽንግተኑን ወገን ያዙ፤ በዓመቱ የሁለቱም ስም በርዕሱ ላይ ሰፈረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የዕለቱን ዜና ሰው ሌላ ቦታ ሰምቶታል፤ ስለዚህ እኛ አንድ ርዕስ ብቻ እንይዛለን፣ በዚያ ላይ የሚቃረኑ ሰዎች እንጋብዛለን፣ ግማሽ ሰዓቱን በሙሉ እንሰጠዋለን። እነዚህን ፕሮግራሞች በተከታታይ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለ ወተት ዋጋ ድጎማ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ የሚነጋገሩበት ዓይነት ምሽት አለ፤ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል። ይሁን እንጂ አንዱን ከአንዱ እያነጻጸርሁ ሳይ የሌረር ጥያቄዎች እያጠሩ መሄዳቸውን አስተዋልሁ። መጀመሪያ አካባቢ ጥያቄያቸው መግቢያ አለው፣ ማብራሪያ አለው፣ እኔም ነገሩን አንብቤያለሁ የሚል ድምፅ አለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን «ለምን?»፣ «እንዴት?»፣ «እርስዎስ ይስማማሉ?» ብቻ ይቀራል። ይህን ለውጥ ከአንድ ፕሮግራም ማንም አያየውም፤ ዓመታት ተደርድረው ሲቀመጡ ብቻ ነው የሚታየው፤ ለእኔ የማኅደሩ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

በሴፕቴምበር 1983 ፕሮግራሙ አንድ ሰዓት ሆነ፤ በአሜሪካ በአገር አቀፍ ደረጃ የአንድ ሰዓት የምሽት ዜና ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሌረር የልብ ሕመም ጥሏቸው ወራት አርፈው ተመለሱ። ስለዚህ ዘመን ለእኛ ሰው የምጠቁመው አንድ ነገር አለ፤ «ኢትዮጵያ» ብሎ በእንግሊዝኛ የፈለገ ሰው የ1984ና የ1985ን የረሃብ ወራት ዝግጅቶች ያገኛል። በሌሎች ጣቢያዎች የምናስታውሰው የተራቡ ሕፃናትን ምስል ነው፤ እዚህ የሚበዛው ግን እህሉ በየትኛው ወደብ ቆመ፣ መንገዱን ማን ያዘ፣ የዕርዳታ ፖሊሲው ማንን ይጠቅማል የሚለው ክርክር ነው። ደረቅ ነው፣ አንዳንዴም ከሥቃዩ በጣም የራቀ ይመስላል፤ ሆኖም በጥሞና ያዳመጠው ሰው ረሃቡ እንዴት ፖለቲካ እንደነበር ይረዳበታል። በ1978 ፕሮግራሙን የተቀላቀሉት ሻርሌን ሃንተር-ጎልት፣ በተለይ ስለ ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ያቀረቧቸው ዘገባዎችም እዚያው ይገኛሉ፤ እሳቸው ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባቸው ናቸው።

ማክኒል በኦክቶበር 1995 ጡረታ ሲወጡ ሌረር ብቻቸውን ቀሩ፤ የፕሮግራሙም ስም በእሳቸው ተጠራ። ከዚህ ዘመን አንድ ቀን ብቻ ማየት ለሚፈልግ ሰው የማቀርብለት ጃንዋሪ 21 ቀን 1998ን ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ስለ ዓመታዊ ንግግራቸው ቃለ መጠይቅ ሊሰጡ አስቀድሞ ቀጠሮ ተይዞ ነበር፤ በዚያው ዕለት ጠዋት ጋዜጦች ፕሬዚዳንቱ ከዋይት ሃውስ ተለማማጅ ሠራተኛ ከነበረችው ከሞኒካ ሌዊንስኪ ጋር ግንኙነት ነበራቸው የሚለውን ጉዳይ ይዘው ወጡ። ሌረር ድምፃቸውን አልቀየሩም። ፕሬዚዳንቱ ያልተገባ ግንኙነት የለም ሲሉ፣ ያልተገባ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው ብለው ጠየቁ። ከዚያም ቁርጥ ያለችውን ጥያቄ አስከተሉ፦ ከዚህች ወጣት ጋር ወሲባዊ ግንኙነት አልነበረዎትም? ጥያቄው ባለፈ ጊዜ ነው። መልሱ ግን የመጣው በአሁን ጊዜ ነው፦ ወሲባዊ ግንኙነት የለም፣ ይህ ትክክል ነው።

በእኛ ቋንቋ «አልነበረም» እና «የለም» ሁለት የማይመሳሰሉ ቃላት ስለሆኑ፣ ለአማርኛ ጆሮ ክፍተቱ ወዲያው ይሰማል፤ በእንግሊዝኛው በአንዲት ትንሽ ቃል ውስጥ ተደብቆ ያልፋል። ሌረር ያቺን ቃል ይዘው አለመግፋታቸው በኋላ ብዙ አስተችቷቸዋል። እኔም ቪዲዮውን አራት ጊዜ እያስመለስሁ አይቼ፣ ለምን እዚያ ላይ አልቆሙም ብዬ ተናድጃለሁ። ግን መልሱን ያስገኘችውም ያችው አጭር ጥያቄ ነች። ረዥምና የተናደደ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ፕሬዚዳንቱ ለቁጣው መልስ ሰጥተው ይወጡ ነበር፤ አጭር ስለሆነች ግን ቃላቸውን መምረጥ ግድ ሆነባቸው፣ የመረጡትም ቃል በመዝገብ ላይ ቀረ።

ሌላው በቅርብ ሊታይ የሚገባው የ2003ና ከዚያ በኋላ ያሉት ምሽቶች መጨረሻ ነው። የኢራቅ ጦርነት ከተጀመረ በኋላ፣ የሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች መሞታቸው በይፋ ሲረጋገጥና ፎቶግራፋቸው ሲገኝ፣ ሌረር አሁን በጸጥታ እናቀርባቸዋለን ይሉና ሥዕሎቹ ያለ ምንም ድምፅ ያልፋሉ፤ ስም፣ ማዕረግ፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ከተማ። ሙዚቃ የለም። በአየር ላይ ጸጥታ ማለት ለብሮድካስት ሰው ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ ሦስት ሰከንድ ዝም ካለ ቴክኒሺያኑ ከወንበሩ ይነሳል። በኮምፒውተሬ ስከፍተው የድምፅ ማጉያዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ እያለ ዕድሜው ሲያልፍ ግን የማስተካክለው ነገር እንደሌለ ገባኝ።

ሌረርን በጭፍን ማወደስ ከማኅደሩ ጋር አይሄድም፤ ማኅደሩ ድክመታቸውንም እኩል ያሳያልና። እንግዶቻቸው በብዛት የዋሽንግተን ሰዎች ናቸው፤ ሴናተር፣ የቀድሞ ሚኒስትር፣ ጡረታ የወጣ ጄኔራል፣ አብዛኞቹ ነጭ ወንዶች። ሁለት ወገን ማቅረብ ደንባቸው ስለሆነ፣ ሦስተኛና አራተኛ ወገን ያለው ነገር ሲመጣ ፕሮግራሙ ይጨናነቃል፤ ተቺዎች ይህንን በጊዜው ተናግረዋል፣ ልክም ናቸው። ከ1988 እስከ 2012 በምርጫ ዘመቻዎች የመሯቸው 12 ክርክሮችም እንዲሁ ናቸው፤ የመጨረሻውን፣ በዴንቨር ከተማ የተደረገውን፣ ተከራካሪዎቹ እንደፈለጉ እንዲሄዱበት ለቀዋል ተብለው ክፉኛ ተተችተዋል። የሪፐብሊካን ፓርቲ ዕጩ የነበሩት ሚት ሮምኒ የሕዝብ ቴሌቪዥንን ድጎማ እንደሚያቆሙ የተናገሩት እዚያ መድረክ ላይ፣ ሌረርን ፊት ለፊት እያዩ፣ እርስዎንም እወድዎታለሁ እያሉ ነው። ሌረር አልተከራከሯቸውም፤ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፉ።

በዲሴምበር 2009 ፕሮግራሙ የሕዝብ ቴሌቪዥኑን ስም ይዞ እንደገና ሲዋቀር፣ ሌረር የሚመሩባቸውን ደንቦች በአየር ላይ አንብበው ነበር፤ መመለስ የማልችልበትን ነገር አልሠራም፣ ታሪኩ ስለ እኔ ቢሆን በምፈልገው ጥንቃቄ እሠራዋለሁ፣ ተመልካቹ እንደ እኔ አስተዋይ ነው ብዬ እነሳለሁ፣ ስሙን የደበቀ ሰው ሌላውን እንዲያጠቃ አልፈቅድም፣ በመጨረሻም ሥራዬ ማዝናናት አይደለም የሚሉ ናቸው። ይህ ምሽት የኒውስ አወር ስብስብ ከሚያበቃበት ከ2007 በኋላ በመሆኑ እዚያ አይገኝም፤ የኋላዎቹን ዓመታት በፕሮግራሙ በራሱ የኢንተርኔት ገጽ መፈለግ ያስፈልጋል። ሌረር በ2011 ከዕለታዊው ወንበር ተነሱ፤ በጃንዋሪ 2020 ዋሽንግተን ውስጥ አረፉ። በ2013 ወንበሩን ግዌን አይፊልና ጁዲ ውድረፍ ሲይዙት፣ ሁለት ሴቶች አንድን አገር አቀፍ የምሽት ዜና በጋራ ሲመሩ ለአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ጉድለቶች። የንግግሩ ጽሑፍ በብዛት የተዘጋጀው በማሽን ስለሆነ ስህተት አለበት፤ ማኅደሩ ራሱ ይህን አይደብቅም፣ በጎ ፈቃደኞች እንዲያርሙለት ይጋብዛል። የአፍሪካና የእስያ ስም ሲሆን ደግሞ ማሽኑ የሰማውን ሳይሆን የመሰለውን ይጽፋል፤ የእኛን አገር ሰው ስም የሚፈልግ ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይሞክር፣ ካልሆነም በቀን ይፈልግ። የቀኑ ፍለጋ ከስሙ ፍለጋ የበለጠ አስተማማኝ ነው። የምስሉ ጥራት እንደ ቴፑ ዕድሜ ይለያያል፤ የ1970ዎቹ ቀለም ደብዝዟል፣ ነገር ግን ድምፁ አያስቸግርም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የመብት ጉዳይ ነው። የኢንተርኔት ንባብ ክፍሉ የተከፈተው በአሜሪካ ምድር ላለ ሰው ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ የሚገባ ሰው መዝገቡን ያነባል እንጂ አብዛኛው ቪዲዮ አይከፈትለትም። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ደግሞ በአሜሪካም ውስጥ ቢሆን ቦስተን ወይም ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረስ በአካል ሄዶ ካልሆነ አይታዩም። የቅጂ መብት ሕግ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ። ግን ከዚህ ማኅደር የበለጠ የሚጠቀመው፣ ቴፑ ታጥቦ በሌላ የተቀዳበት አገር ውስጥ ያለ ወጣት ጋዜጠኛ ነበር።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል፤ ነጻ አገልግሎት ሲባል ማንም አልከፈለበትም ማለት አይደለምና። ማኅደሩ የተመሠረተው ያ የ1967 ሕግ ባቋቋመው የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን አነሳሽነትና ድጋፍ ነው። በጁላይ 2025 ኮንግረስ ለኮርፖሬሽኑ ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ፤ በኦገስት መጀመሪያም ኮርፖሬሽኑ ሥራውን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታወቀ። የተቀረጹት ፋይሎች ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከልፔፐር በተባለች ከተማ፣ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባለው የድምፅና የምስል ማከማቻ ይጠበቃሉ። በየግዛቱ ያሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ወደፊት የሚቀርጹት ነገር ግን ማን ከፍሎበት ወደዚህ እንደሚደርስ ሌላ ጥያቄ ነው።

ይህን አገልግሎት ለማን እመክራለሁ? ጋዜጠኝነት ለሚማር ወይም ለሚያስተምር፣ በአማርኛ በሬዲዮም በዩቲዩብም ቃለ መጠይቅ ለሚያደርግ፣ እንግሊዝኛውን በተረጋጋ ንግግር ማሻሻል ለሚፈልግ አዲስ መጤ፣ ያለ ማቅማማት እመክራለሁ። ለመዝናናት ለሚፈልግ ሰው አይሆንም፤ ሰውየው ራሳቸው ተናግረዋል። የሚጀምር ሰው ከ1975 ጀምሮ ወደ ፊት ልሂድ እንዳይል፤ እኔ እንደዚያ ጀምሬ በሁለተኛው ሳምንት ልተወው ነበር። በጁላይ 16 ቀን 1973 ይጀምር፤ ቀጥሎ ጃንዋሪ 21 ቀን 1998ን ይመልከት፤ ከዚያም ከ1980ዎቹ ስለ ራሱ የሚገደውን አንድ ርዕስ ይምረጥ። ሰዓት ይዞ ማየት ይጠቅማል። እኔ በአንድ ወረቀት ላይ ጠያቂው የተናገረበትን ሰከንድ በአንድ ወገን፣ ተጠያቂው የተናገረበትን በሌላ ወገን እየጻፍሁ ነበር የማየው፤ በክሊንተኑ ቃለ መጠይቅ የሌረር ወገን ያለው ዓምድ የወረቀቱን ሩብ እንኳ ሳይሞላ አልቋል።